ፎጣውን ማን ይወርውርለት?

ወንድምዬ፣

እንደምን ከረምክ? እናትህ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ይሄን ያህል ጊዜ ተጠፋፍተን ድንገት ረጅም ደብዳቤ ሲደርስህ «ምን ሆኖ ነው?» ብለህ እንዳትደነግጥ። ምንም አልሆንኩም። ማን ቀድሞ ጠፋ የሚለውን ደግሞ ለስልክ እናቆየው፤ እዚያ ውስጥ ከገባን አንወጣም።

የምጽፍልህ ስለ ሳኩራባ ነው። አዎ፣ ስለዚያ ስለ ብርቱካናማ ቁምጣው ጃፓናዊ ተፋላሚ። ሰሞኑን ማታ ማታ የካዙሺ ሳኩራባን ግጥሚያዎች ከመጀመሪያው ጀምሬ በተርታ ሳይ ነበር፤ ስጨርስ የማወራው ሰው አጣሁ። ባለቤቴ ትንሽ አየችና «ይሄ ሰውዬ የሚመክረው ዘመድ የለውም?» ብላኝ ሄደች። መሥሪያ ቤት ያሉት ልጆች ደግሞ ከኮነር ማክግሬጎር በፊት ኤምኤምኤ የሚባል፣ ቡጢም እርግጫም ትግልም የተደባለቀበት፣ ውድድር የነበረ አይመስላቸውም። የቀረኸኝ አንተ ነህ።

«2001 ላይ ማቆም ነበረበት» ትል የነበረው ትዝ ይልሃል? (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ።) «ከዚያ ወዲያ ያለው ስሙን ማቆሸሽ ነው» ትል ነበር፣ እኔም በደፈናው እከራከርህ ነበር። አሁን ሁሉንም በአንድ ላይ ሳየው ግን የባለቤቴ ጥያቄ ከሁለታችንም ክርክር የተሻለ ሆኖ አገኘሁት።

መነሻውን ላስታውስህ። ሰውየው በ1969 በሰሜን ጃፓን፣ አኪታ ውስጥ ነው የተወለደው። ልጅ ሳለ ታይገር ማስክ የሚባለውን ጭንብል ለባሽ ሬስለር አይቶ እንደሱ ልሁን አለ። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ኦሎምፒክ ላይ የምናየውን ዓይነት ትግል ታገለ፤ ከዚያ በ1993 ዩደብሊውኤፍ ኢንተርናሽናል በሚባል ድርጅት ሬስሊንግ ጀመረ። የዚያ ድርጅት ነገር ግራ ያጋባል። አሸናፊው አስቀድሞ የሚታወቅበት ትርዒት ነው፣ ልምምዱ ግን የምር። ቢሊ ሮቢንሰን የሚባል አንጋፋ እንግሊዛዊ ነበር፤ ክንድ እንዴት እንደሚጠመዘዝ፣ ጉልበት እንዴት እንደሚቆለፍ ያስተምራቸዋል። ሳኩራባ ያንን ሁሉ ልቅም አድርጎ ያዘ።

አለቃቸው ኖቡሂኮ ታካዳ ነበር፣ በጃፓን ሬስሊንግ ትልቅ ስም። ታዲያ ግሬሲዎች የሚባሉት የብራዚል የመሬት ትግል ቤተሰብ መጡባቸው። በ1994 ከሬስለሮቹ አንዱ፣ ዮጂ አንጆ፣ ሪክሰን ግሬሲን ሊገጥም አሜሪካ ድረስ ጂሙ ሄደ፤ ፊቱ በደም ታጥቦ ወጣ። በ1997 ታካዳ ራሱ ፕራይድ በሚባለው የጃፓን የኤምኤምኤ ድርጅት የመጀመሪያ ውድድር ከሪክሰን ጋር ገጠመና አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ተሸነፈ። በዓመቱ ደገመው፣ ደግሞ ተሸነፈ። ሬስለር ማለት በቃ ተዋናይ ነው ተባለ።

በዚያው በ1997 መጨረሻ የአሜሪካው የኤምኤምኤ ድርጅት ዩኤፍሲ ዮኮሃማ ላይ የከባድ ሚዛን ውድድር አዘጋጀ። ሳኩራባ 83 ኪሎ ገደማ ሆኖ ነው እዚያ የገባው። ማርከስ ሲልቬራ ሲሰነዝርበት እግሩን ለመያዝ ዝቅ አለ፤ ዳኛው ተዘረረ ብሎ አስቆመው። ሳኩራባ አልወጣም ብሎ እዚያው ቀረ። ቪዲዮው ታየ፣ ውሳኔው ተሻረ፣ ሌላው ተጋጣሚ ታንክ አቦት እጁን ተጎድቶ ስለወጣ በዚያው ምሽት እነዚያው ሁለቱ እንደገና ገጠሙ። በአራት ደቂቃ ውስጥ ክንዱን ቆለፈበት። ከዚያ ማይክራፎን ይዞ ሬስለር በእውነቱ ጠንካራ ነው አለ። አለቃው በተዋረደ በሁለተኛው ወር ማለት ነው። ያን ምሽት ዝም ብሎ ቢወጣ ኖሮ ዛሬ ስለሱ የምናወራው ነገር አልነበረም።

ስለ ግሬሲዎቹ ብዙ አልነግርህም፤ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። አንድ ነገር ብቻ። ያቺን የክንድ ጥምዘዛ ዓለም ሁሉ ኪሙራ የሚላት፣ በ1951 ማራካና ስታዲየም ውስጥ የሪክሰንን አባት ኤሊዮ ግሬሲን በዚያች ከያዘው ከጁዶው ማሳሂኮ ኪሙራ የተነሳ ነው። ኤሊዮ እጅ አልሰጥም አለ። ክንዱ ተሰበረ፣ አሁንም ዝም። በመጨረሻ ወንድሙ ካርሎስ በቃ፣ ተሸንፈናል ለማለት ፎጣ ወረወረለት። ይህችን ፎጣ ያዝልኝ።

በ1999 ሳኩራባ የኤሊዮን ልጅ ሮይለርን የያዘው በዚያችው ጥምዘዛ ነው። ሮይለርም እጅ አልሰጥም አለ፣ ዳኛው አስቆመው፣ ቤተሰቡ ተንጫጫ። እውነቱን ልንገርህ፣ ይሄኛው አሁን ሳየው ብዙ አላስደሰተኝም። ሮይለር በጣም ቀላል ሰው ነው፤ እኩያው አልነበረም።

ሜይ 1 ቀን 2000፣ ቶኪዮ ዶም ግን ሌላ ነው። ግሬሲዎቹ ለሮይለር ወንድም ለሮይስ ልዩ ሕግ አስጻፉ፦ ዙሩ 15 ደቂቃ፣ የዙር ብዛት ገደብ የለውም፣ ዳኛ ማስቆም አይችልም። አንዱ እጅ እስኪሰጥ ወይም ከማዕዘኑ፣ ማለት ከረዳቶቹ በኩል፣ ፎጣ እስኪወረወር። ሳኩራባ ምን አደረገ? አንድ ዓይነት ጭንብል ካጠለቁ ሁለት ሰዎች ጋር እሱም ጭንብል አጥልቆ ገባ፣ የትኛው እሱ እንደሆነ እንዳይታወቅ! አራዳ ነዋ። የሮይስን የጁዶ ልብስ ራሱ ላይ ይገለብጥበታል፣ ሱሪውን ይጎትታል፣ በአደጋ ውስጥ ሆኖ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ፈገግ ይላል። ሰውየው እኮ ከሲጋራና ከቢራ የማይለይ ነው፤ ሮይስ ደግሞ ጊዜው በረዘመ ቁጥር ይደክመዋል ብሎ ነው ያንን ሕግ የፈለገው፣ ወይም እኔ እንደዚያ ነው የምረዳው። የደከመው ሮይስ ሆነ። ሳኩራባ ጭኑን በእርግጫ እየደጋገመ መታው፣ መታው፣ መታው፣ ስድስት ዙር አለቀና ሮይስ መቆም አቃተው። 90 ደቂቃ። ወንድሙ ፎጣ ወረወረ። እንደገና ወንድም ለወንድሙ፣ ከ49 ዓመት በኋላ።

ሰው ሁሉ የሚያቆመው እዚህ ጋ ነው፣ እኔም ድሮ እዚህ ጋ ነበር የማቆመው። ግን ያ ምሽት አላለቀም። የውድድሩ ማጠቃለያ በአንድ ምሽት የሚጨረስ ስለነበር ሳኩራባ ከዚያ ሁሉ በኋላ ተመልሶ ኢጎር ቮቭቻንቺንን ገጠመ። ዩክሬናዊ፣ ከ20 ኪሎ በላይ የሚበልጠው፣ በቡጢ ሰው የሚያፈዝ። መጀመሪያ ላይ ገለበጠውም፤ ታምናለህ? 15 ደቂቃ ታገለ። ለጭማሪ ዙር ሲባል የሳኩራባ ማዕዘን ፎጣ ወረወረ። በአንድ ምሽት ሁለት ፎጣ፣ አንዱ ለሱ ድል፣ አንዱ ለሱ ሽንፈት፤ ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ሰዎቹ ያን ቀን ያደረጉትን ሁልጊዜ ቢያደርጉለት ኖሮ ይሄን ደብዳቤ አልጽፍልህም ነበር።

በዚያው ዓመት ሬንዞ ግሬሲን በዚያችው ኪሙራ ክርኑን አወለቀው። ሬንዞም እጅ አልሰጠም፤ ግን ማይክራፎን ይዞ ሳኩራባ የጃፓን ግሬሲ ነው ብሎ መሰከረለት። ጨዋ ነው ሬንዞ። ራያን ግሬሲንም ጨመረበት፣ በነጥብ። አራት ግሬሲ።

ከዚያ የአንተ 2001 መጣ። ፕራይድ ሕጉን ቀይሮ መሬት ላይ ያለን ሰው ጭንቅላቱን በጉልበትና በእርግጫ መምታት ፈቀደ። በማርች ዋንደርሌ ሲልቫ በ1 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ ጨረሰው። አንተ እንዳልከው እዚያው ቢያቆም ምን ነበር የሚቀርብን? ጁላይ ላይ ኩዊንተን ጃክሰንን አንቆ ያሸነፈበት ይቀርብን ነበር። ያ ወጠምሻ ደጋግሞ ወደ ላይ እያነሳ መሬት ሲያላትመው፣ ሳኩራባ ደግሞ በእያንዳንዱ ውድቀት መሃል ክንድ ሲፈልግ። ይሄን ግጥሚያ ደግመህ እየው። በዚህ አልደራደርም።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። በኖቬምበር ከሲልቫ ጋር ሁለተኛ፤ የትከሻው አጥንት፣ ማለት ከአንገት ሥር ያለው፣ ተሰበረ፣ ሐኪም አስቆመ። በ2002 ከከባድ ሚዛኑ ሚርኮ ክሮ ኮፕ ጋር፤ የዓይኑ ዙሪያ አጥንት ተሰበረ፣ ሐኪም አስቆመ። በ2003 ከሲልቫ ጋር ሦስተኛ፤ በቡጢ ተዘረረ። ማን ነው እነዚህን ግጥሚያዎች የሚያዘጋጀው? ትኬት ሻጩ ነዋ! ስታዲየም የሚሞላው በሳኩራባ ስም ነው፣ ከትልልቆቹ ጋር ሲገጥም ደግሞ የበለጠ ይሞላል፤ እሱም እምቢ የሚል ሰው አይደለም። የሱን እምቢታ አልጠብቅም። ተፋላሚ እምቢ እንዲል አልተፈጠረም፣ ኤሊዮን ተመልከት። እምቢ ማለት ያለበት ሒሳቡን የሚይዘው ሰው ነበር።

በ2005 ሪካርዶ አሮና ፊቱን አበላሸው፤ ያኔ ማዕዘኑ አስቆመ፣ ግን ከመጠን በላይ አርፍዶ። ከዚያ ሳኩራባ ምን እንዳደረገ ታውቃለህ? ብራዚል፣ ኩሪቲባ፣ ሄዶ እዚያው ሲልቫ ጂም ውስጥ ከሲልቫ ጋር መለማመድ ጀመረ። ሦስት ጊዜ የሰባበረው ሰው ቤት! ይሄን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ቂም ይይዛል፣ እሱ ትምህርት ቤት ገባ። ተመልሶም ኬን ሻምሮክን አሸነፈ።

የ2006ቱ የስሚርኖቫስ ግጥሚያ ግን መታየት የለበትም። ሊቱዌንያዊው ሲመታው ሳኩራባ ራሱን የሳተ ይመስላል፣ ዳኛው ያያል፣ ዝም ይላል። እንደ ምንም ነፍስ ዘርቶ ክንድ ቆልፎ አሸነፈ፤ አዳራሹ በደስታ አበደ፣ እኔ ግን ቪዲዮውን ዘጋሁት። በዓመቱ መጨረሻ ቀን ደግሞ ከዮሺሂሮ አኪያማ ጋር። ሳኩራባ «ያሟልጫል፣ ያሟልጫል» እያለ ለዳኛው ይጮሃል፣ የሚሰማው የለም፣ እየተመታ አለቀ። በኋላ ሲጣራ አኪያማ እውነትም ገላውን ቅባት ተቀብቶ ነበር፤ ውጤቱ ተሰረዘ። ሰውየው ራሱ አፍ አውጥቶ ሲናገር እንኳ አልሰሙትም እኮ!

የቀረውን በፍጥነት ልለፈው፣ ለኔም ይከብደኛል። 2007 ሎስ አንጀለስ ላይ ሮይስ በነጥብ አሸነፈው፣ በኋላ ሮይስ የተከለከለ መድኃኒት ተገኘበት። 2010 መጨረሻ ላይ ጆሮው ሊገነጠል ደርሶ ሐኪም አስቆመ። 2011 ላይ ተሸነፈና በቃ ወደ ሬስሊንጉ ተመለሰ፣ እፎይ አልን። ከዚያ በ2015 ሪዚን የሚባለው አዲሱ ድርጅት ሲመሠረት ለመክፈቻ ጠሩት፣ በ46 ዓመቱ፣ ከሺንያ አኦኪ ጋር። አኦኪ በመሬት ትግል የተካነ፣ በ14 ዓመት የሚያንሰው። መሬት ላይ ይዞት ያለ ማቋረጥ መታው። ሳኩራባ ይሸፍናል፣ ይሸፍናል፣ እጅ አይሰጥም። ስድስት ደቂቃ ሊሞላ ሲል ፎጣው መጣ። ከዚያ ወዲህ በኤምኤምኤ አልታገለም።

አሁን የኔ መልስ። 2001 ላይ ማቆም ነበረበት ስትል ጥፋቱን እሱ ላይ ነው የምትጥለው። እሱ የሚታገል ሰው ነው፣ ታገለ። በሱ ትኬት የሸጡት፣ በኪሎ የማይመጥኑትን ያመጡበት፣ እየጮኸ ያልሰሙት ሰዎች ግን ስማቸው በየትኛውም ክርክራችን ላይ ተነስቶ አያውቅም። ሁላችንም ሳኩራባን ብቻ ነው የምንፈርድበት። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

ለዚህ ነው በ2018 ያቋቋመውን የኩዊንቴት ውድድር ሕግ ሳነብ የገረመኝ። አይተኸው ታውቃለህ? አምስት ለአምስት ቡድን ነው፣ ያሸነፈ ይቆያል፣ የተሸነፈ ይወጣል፣ አቻ ከሆኑ ሁለቱም ይወጣሉ። ቡጢ የለም፣ እርግጫ የለም፣ ትግል ብቻ። የቡድኑ ጠቅላላ ክብደት ጣሪያ አለው። ግጥሚያው 8 ደቂቃ ነው፤ በሁለቱ መካከል የ20 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ልዩነት ካለ ግን 4 ደቂቃ ብቻ። ቮቭቻንቺንን አስታወስከው? ራሱም ገብቶ ታገለበት፣ መቼም አርፎ አይቀመጥ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ዩኤፍሲ በክብር መዝገቡ አስገብቶታል፤ እኔ ግን ከዚያ ክብር ይልቅ ይህችን የ4 ደቂቃ ሕግ ነው የወደድኳት።

ባለቤቴ አሁንም መልስ እየጠበቀች አይደለም፣ ረስታዋለች። አንተ ግን መልስልኝ። በተለይ የጃክሰንን አይተህ፣ «ባይታገል ይሻል ነበር» የምትል ከሆነ በደንብ አስረዳኝ። ስልክህ ተቀይሯል መሰለኝ፣ ስደውል አይሠራም፤ አዲሱን ላክልኝና ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ፣ እዚያ ስንት ሰዓት እንደሚሆን ግን አንተ ንገረኝ፣ ሰዓቱ ሁሌ ያምታታኛል።

ወንድምህ