ሻርፑ እኛ ጋ ነው

ከሁሉ አስቀድሞ እናቴን ለመለሰልኝ ለመድኃኔዓለም ምስጋና ይድረሰው። ይህን የምጽፈው ግን ስማችሁን እንኳ ሳልጠይቅ ለተለያየኋችሁ ሰዎች ነው።

እማዬ አሜሪካ የመጣችው እኔን ልታርስ ነበር። ሜሪላንድ አምስት ወር አብራኝ ቆየች። ገንፎዬን አገነፋች፣ ልጄን አጠበች፣ አሸች። መመለሻዋ ሲደርስ ብቻዋን አልልካትም ብዬ ልጄን ይዤ አብሬያት ተሳፈርኩ። ከዋሽንግተን ፍራንክፈርት፣ ከዚያ አዲስ አበባ።

አትላንቲክን ካጋመስን በኋላ ነው። ሌሊት ነው። ልጄ ከፊታችን ግድግዳው ላይ በምትገጠመው የሕፃን አልጋ ተኝቷል። የቀበቶው መብራት በራ። አንዲት አስተናጋጅ መጥታ ልጁን አውጪው አለችኝ። ስንት ሰዓት አባብዬ ያስተኛሁትን! አጉረመረምኩ። እሷ ግን አልሄደችም። ትንሿን የሕፃን ቀበቶ ከእኔ ቀበቶ ጋር አያይዛ፣ ልጄን እቅፌ ውስጥ እስካስረው ድረስ ተንበርክካ ጠበቀችኝ። ከዚያ ምናልባት አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። አውሮፕላኑ ከሥራችን ከዳን።

ጩኸቱ እንኳ ዘግይቶ ነው የመጣው። ባዶዋ አልጋ ውስጥ የቀረችው የልጄ ብርድ ልብስ ጣሪያ ነክታ ስትመለስ አየኋት። ያቺን ብርድ ልብስ እስከ ዛሬ ሌሊት ሌሊት አያታለሁ። እህቴ፣ ስላጉረመረምኩብሽ ይቅር በይኝ። ለአየር መንገድሽ በደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ ግን በራሴ ቋንቋም ልበልሽ፦ ልጄን አተረፍሽልኝ።

እማዬ ከሽንት ቤት እየተመለሰች ነበር። ጭንቅላቷ ከጣሪያው ተጋጨ፣ ከዚያ በወገቧ የወንበር መደገፊያ ላይ ወደቀች። ነጠላዋ በደም ራሰ። እኔ ልጄን ታቅፌ መነሳት አልቻልኩም። «እማዬ! እማዬ!» እያልኩ መጮህ ብቻ።

ያኔ ነው አንተ የደረስከው። «አይዞዎት እማማ፣ እኔ ልጅዎ አለሁ» ስትላት ሰማሁ። አማርኛ! አውሮፕላኑ ገና ይንገጫገጫል። አንተ ወለሉ ላይ ተቀምጠህ፣ አንድ ክንድህን የወንበሩ እግር ላይ ጠምጥመህ፣ በሌላው እጅህ ሻርፕህን ግንባሯ ላይ ተጭነህ ያዝክ። ሰዎች ሊያነሷት ሲመጡ ደግሞ አንዲት መንገደኛ «ነርስ ነኝ፣ እንዳትነኳት» ብላ ከለከለች። አንገቷን ግራና ቀኝ በተጠቀለለ ብርድ ልብስ ደገፈች። እስክናርፍ ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ በየደቂቃው የእግር ጣቶቿን እንድታንቀሳቅስ እየጠየቀቻት አልተለየቻትም። ሐኪሞቹ እንደነገሩን እማዬ ዛሬ በእግሯ የምትሄደው በዚያች ሰዓት ባለመነሳቷ ነው።

ግንቦት 2016 ዓ.ም. ከለንደን ወደ ሲንጋፖር ይበር በነበረ አውሮፕላን ላይ የደረሰውን ሰምቼ ከንፈር መጥጬ ነበር ያለፍኩት። በ4.6 ሴኮንድ ውስጥ 54 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ አንድ መንገደኛ ሞቶ፣ ብዙዎች ተጎዱ። ቀበቶ ያላሰረ ሰው ከመቀመጫው ይነሳል ሲባል ያነበብኩትን በእናቴ አየሁት። በኋላ እንደተነገረን፣ ከፊታችን ይበር የነበረ አብራሪ ቦታው ከባድ መሆኑን በሬዲዮ አስተላልፎ ነበር። መብራቱ የበራው ለዚያ ነው። በጠራ ሰማይ የሚመጣውን የአየር መናወጥ (ተርቡለንስ) የአውሮፕላን ራዳር አያየውም። ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ያለፈበት ሰው ሲናገር ነው። ያንን አብራሪም ፈጣሪ ውለታውን ይክፈለው።

ፍራንክፈርት ስንደርስ አምቡላንስ ጠብቆን ነበር። ግንባሯ ዘጠኝ ቦታ ተሰፋ። ከወገቧ አጥንት አንዱ ተሰንጥቋል፣ ግን ቀዶ ጥገና አላስፈለገውም። አሥራ አንድ ቀን ተኛች።

ኤርፖርት ላይ ዊልቸር የምትገፋ አንዲት ሐበሻ ነበረች። የእማዬን «ወይኔ ልጄ» ሰምታ ነው ሮጣ የመጣችው። ከሥራ ስትወጣ ሆስፒታል ድረስ ተከተለችን። በማግስቱ ረቡዕ ነው ብላ እማዬ የሆስፒታሉን ምግብ አልነካም ስትል፣ ይህቺው ልጅ ትኩስ ሽሮ በፔርሙስ ይዛ ደረሰች። ለእኔም አጥሚት። «አራስ ነሽ እኮ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የፍራንክፈርት ሐበሾች ተራ ገብታችሁ አንድ ቀን እንኳ ብቻችንን አልተዋችሁንም። አስተረጎማችሁልን፣ ልጄን ያዛችሁልኝ፣ ማደሪያ ሰጣችሁኝ። ብድር መላሽ ያድርገኝ።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፣ ወንድሜ። እማዬን በቃሬዛ ሲያወርዷት የሚቀጥለው በረራህ እንዳያመልጥህ ሮጥክ። ሻርፕህ እጇ ላይ ቀረ። ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ጫፉ ላይ ዘርፍ አለው። አዲስ አበባ ከገባን በኋላ ራሷ አጠበችው። ጎንበስ እንዳትል ስለተከለከለች ሳፋውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥንላት። ደሙ ሙሉ በሙሉ ለቋል። ተተኩሶ፣ ከክት ነጠላዋ ጋር ታጥፎ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ተቀምጧል።

ይህን ካየህ ጻፍልኝ። ያለህበት ድረስ አደርሰዋለሁ። ካልሆነም ስምህን ብቻ ንገረን። እማዬ ማታ ማታ ስትጸልይ የምትጠራው ስም ስላጣች፣ እስካሁን «የሻርፑን ልጅ ጠብቅልኝ» ነው የምትለው።