ይድረስ ከሐዋሳ

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ድሮ ቀጥሎ «እኔ ደህና ነኝ» እንል ነበር፤ ዛሬ እሷን ልዝለላት። ስምንት ወር ስልክህን ያላነሳሁት ተቀይሜህ አይደለም። በምላሴ ጎን የወጣው ቁስል ካንሰር ሆኖ ተገኘና የምላሴን ቁራጭና የአንገቴን ንፍፊቶች አወጡልኝ። ከዚያ ወዲህ «ሰ» አፌ ውስጥ ትንሸራተታለች። ሰላም ስልህ እንዳትሰማብኝ አፍሬ ነው።

ሕመሙን መጀመሪያ በጀግንነት ያዝኩት። ጥርሴን ነክሼ እቆይና ሲብስብኝ ክኒን እለምናለሁ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ክኒኑ አይደርስበትም። ነርሷ ተቆጣችኝ፦ «ጋሼ፣ ሕመሙ እስኪመጣ አይጠብቁት፤ ሰዓቱን ይጠብቁ!» ከዚያ በኋላ ፓራሲታሞል በየስድስት ሰዓቱ አንድ ግራም፣ በቀን ከ4 ግራም ሳያልፍ። የሞርፊን ሽሮፕም ነበረ። ሱሰኛ እሆናለሁ ብዬ ስሸሸው፣ በሐኪም ልክ ለአጭር ጊዜ ሲወሰድ ይበልጥ የሚያስቸግረው የሆድ ድርቀት መሆኑን ነገረችኝ። እውነቷን ነው፤ ዝርዝሩን ልተውልህ። ሕመሙ ሲቀንስ መጠኑን ቀስ በቀስ አስቀንሰው አስቆሙኝ።

መዋጥ ሌላ ጣጣ ነበር። መድኃኒቱን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ መውሰድ ስጀምር ግን የአሞራ ገደልን የዓሣ ሾርባ እንኳን ቻልኩት፤ ያለ ሚጥሚጣ! አስበው፣ እኔ!

የገረመኝ ትከሻዬ ነው። የተቀደደው አንገቴ፣ የሚያመኝ ትከሻዬ። ንፍፊቶቹ ሲወጡ ወደ ትከሻ የሚወርደው ነርቭ ተነካክቶ ክንዴ ከፍ አልል አለ። አሁን የምጽፈው በጥቁር ሰሌዳው የታችኛው ግማሽ ላይ ነው፤ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች አንገታቸውን እንደ ሰጎን ይመዛሉ። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼን ግድግዳ ላይ ወደ ላይ አስኬዳለሁ፤ ትናንት የመስኮቱን መቀርቀሪያ ደረስኩበት። ጆሮዬ ሥር ደንዝዟል፤ ጢሜን ስላጭ ብቆረጥም የማውቀው ደሙን ሳይ ነው። እዚያው ቦታ ሌሊት እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኝ ነበር። ለእሱ ፓራሲታሞል አልሠራም፤ ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን የሚባል የነርቭ ሕመም ማስታገሻ በጥቂቱ ታዞልኝ እንቅልፍ አገኘሁ።

እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ደውል። ብዙ ማውራት ስለሚያመኝ ክኒኔን ዘጠኝ ተኩል ላይ እውጣለሁ። «ሰ» ስትንሸራተትብኝ ብትስቅም አልቀየምህም።

የአንተው መምህር