ሣጥኗን አውርደው ይጠብቁኝ

ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ለጥምቀት ስመጣ ከአልጋው ራስጌ ያወረዷት የቆርቆሮ ሣጥን ከዓይኔ አልጠፋችም። የግብር ደረሰኞችዎን ጢስ ያጠቆራቸውን ከታች፣ የዘንድሮውን ከላይ አድርገው በጥቁር ክር አስረዋቸዋል። «አንቺ የምትሠሪው ወረዳ ገንዘብ ቤት ነው፤ ይህ ሁሉ የት ገባ?» አሉኝ። እኔም ቡናውን ምክንያት አድርጌ ተነሣሁ። ሳልመልስልዎ መሄዴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አባባ፣ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያውና የእርሻ ገቢ ግብሩ ለወረዳ ወጪ አይበቃም። አብዛኛው በጀት ከክልሉ በቀመር ተሰልቶ የሚመጣ ድጎማ ነው። ከዚያ ላይ የመምህራኑ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹና የግብርና ባለሙያዎቹ ደመወዝ ሲነሣ ለመንገድና ለድልድይ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ደመወዙ ባከነ አልልም፤ የእህቴን ሕፃን የምትከትበው ልጅ የምትኖረው በእሱ ነው። ግን የካፒታል በጀት፣ ማለትም የግንባታ ገንዘብ፣ ከሚለው ዓምድ ላይ በደረስኩ ቁጥር ድልድይ የሌለው የእኛ ወንዝ ትዝ ይለኛል።

ለዚያች ጥቂት ገንዘብ ቀበሌዎች ሁሉ ይሻማሉ። በቃለ ጉባኤ የሰፈረ ጥያቄ ወረዳ ይደርሳል፤ ያልሰፈረውን የሚያነሣው የለም። እርስዎ ደግሞ ለድንጋይ ማጓጓዣ ያዋጣችሁት ገንዘብ ሒሳቡ ሳይነገራችሁ ከቀረ ወዲህ ስብሰባ ረግጠው አያውቁም። እውነትዎን ነው፤ እኔም ብሆን እቆጣ ነበር።

አያቴ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብሩ ሲታወጅ ከሞጣ ሰዎች ጋር ዱር መግባታቸውን ያጫወቱኝ እርስዎ ነዎት። የጎጃም ገበሬ «ርስቴ ሊለካ፣ ሊነጠቅ ነው» ብሎ ተነሣ፤ መንደሩ በአውሮፕላን ቢደበደብም አልተመለሰም። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ከቦታቸው ተነሡ፤ ውዝፉ ግብርም ተማረ። ስንት ሰው ካለቀ በኋላ! አያቴ ቆመው የሚጠይቁበት ስብሰባ አልነበራቸውም። እርስዎ አለዎት።

አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዝግጅቱ አሁን ነው። እባክዎ ከፋሲካ በኋላ በሚጠራው የቀበሌ ስብሰባ ላይ ይገኙ። መጀመሪያ የመዋጮው ሒሳብ በሕዝብ ፊት ይነበብ ይበሉ። ከዚያ የድልድዩን ነገር ያንሡ። ሲያነሡም የጤፉን ነገር አይርሱት፤ ነሐሴ ላይ ወንዙ ሲሞላ ነጋዴው መኪናውን ማዶ አቁሞ የአህያውን ኪራይ ከእርስዎ ዋጋ ላይ ይቀንሳል። ልጆቹም ውኃው እስኪጎድል ዳር ላይ ቆመው ይውላሉ። ይህን ከእርስዎ አብልጦ የሚናገር የለም፤ እርስዎ ሲናገሩ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ይከተላል።

እኔ ስቅለት ማታ እደርሳለሁ። ጥያቄውን አብረን እናዘጋጀዋለን፤ እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ እጽፋለሁ። ሣጥኗን አውርደው ይጠብቁኝ። እናቴን ጉልበቷን ሳሙልኝ።

ልጅዎ