ፎርማችሁን ለቆራሌው አትስጡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከዚራ ተወልጄ ያደግሁ የድሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ቶርኖ ላይ ነበር የሚሠራው። እኔ ደግሞ አሁን ቤቴ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ የድሮውን ጣቢያ ሐዲዶች 87 ጊዜ አሳንሼ እየሠራሁ ነው። የሰፈር ልጆች ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "ጋሼ፣ መሣሪያውን ከየት ገዙት?" ብለው ነው። አልገዛሁትም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ይኸው ጥያቄ ነው።

ውጭ አገር በብዛት ተሠርቶ የሚሸጠው የሞዴል ሐዲድ ስፋቱ፣ ማለት በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት፣ 16.5 ሚሊ ነው። በ87 ስታባዙት 1,435 ሚሊ ይመጣል፤ ይህ የአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ስፋት ነው። በ1895 ድሬ የገባው፣ ከተማዋን ከተማ ያደረጋት የጥንቱ ሐዲድ ግን ስፋቱ 1 ሜትር ብቻ ነው። ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ይሆናል። ለሜትር ሐዲድ የሚሠሩት ትንንሽ ጎማዎች በ12 ሚሊ ስለሚሄዱ እኔም በ12 ነው የያዝኩት። የግማሽ ሚሊ ልዩነት ለዓይን አይታይም። ግን የኛን ጣቢያ መስመር፣ ባቡሩ መስመር ከሚለውጥበት ማስቀየሪያው ጋር፣ የትም ሱቅ አታገኙትም። በእጅ መሥራት ግድ ነው።

በእጅ ለመሥራት ደግሞ ከሐዲዱ በፊት ፎርማው፣ ማለት ሥራውን በልኩ የሚይዘው መሣሪያ፣ ይቀድማል። የመጀመሪያውን መለኪያ ከእንጨት ሠራሁት። በሊድ ስበይድ ሙቀቱ ጠርዙን አቃጠለው፣ ልኩ ሰፋ፣ ፉርጎው አንድ ክንድ እንኳ ሳይሄድ ወረደ። ከዚያ አጭር የአሉሚኒየም ዘንግ ይዤ ቶርኖ ቤት ሄድኩና ሁለት ቀጫጭን ቦይ አስቆረጥኩበት፤ የሐዲዱ ራስ ቦዩ ውስጥ ይገባል፣ በሁለቱ ቦይ መካከል የቀረው ልክ 12 ሚሊ ነው። አሉሚኒየም ያደረግሁት ሊድ ስለማይጣበቅበት ነው። እንደዚህ ያለ ሦስት አለኝ፤ ሦስቱን በተርታ አስቀምጦ መበየድ ነው፣ ሐዲዱ የትም አይሄድም።

ሐዲዱን ለኩርባ የማጥፍበትን ማጠፊያ ከወለቀ ሞተር ባወጣኋቸው ሦስት ኩሽኔታዎች ሠራሁት። ሁለቱ ቆመው ይይዛሉ፣ መካከለኛውን በብሎን እየገፋችሁ ሐዲዱን ታሳልፋላችሁ።

የከበደኝ ማስቀየሪያው ነው። ሁለቱ ሐዲዶች የሚገናኙበት ሹል ጫፍ፣ 6 ሚሊ ሲሄድ 1 ሚሊ የሚከፈት መሆን አለበት። ይህንን በዓይን መሞረድ አይቻልም፤ ስንት ሐዲድ አበላሽቻለሁ። አሁን ሁለት ወፍራም ብረት አለኝ፣ አንደኛው ላይ በዚያው ልክ ሰያፍ መሰንጠቂያ አለው። ሐዲዱን እዚያ ውስጥ አስገብታችሁ፣ ሁለቱን ብረት ሞርሳ ላይ አጥብቃችሁ፣ ወጣ ያለውን መሞረድ ነው። ሞረዱ ብረቱን ሲነካ ድምፁ ይቀየራል፤ ያኔ እጃችሁን አንሱ።

የድሮው መስመር ተጋዳሚዎች፣ ከሐዲዱ ሥር አግድም የሚነጠፉት፣ ብረት ስለነበሩ እኔ በመዳብ የተለበጠ የሬዲዮ ቦርድ በሴጌቶ እየቆረጥኩ ነው የምጠቀመው። ግን እያንዳንዱ መሃል ላይ መዳቡ በሞረድ መቆረጥ አለበት፣ አለዚያ ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው ይሻገራል። አንዲት ብቻ ረስቼ ሁለት ማታ ሙሉ ስፈልግ አድሬአለሁ።

ሐዲዱን ብቻ ነው ዘመድ ከውጭ የላከልኝ። ሌላው ሁሉ ከአሸዋ ገበያና ከጋራዥ ቁርጥራጭ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። አባቴ አንድ ሥራ ሲሰጠው መጀመሪያ ለሥራው የሚሆነውን ፎርማ ይሠራ ነበር። ሱቅ የሌለውን ሁሉ ራሱ ነው የሚያወጣው። ካረፈ በኋላ ግን ሣጥኑን ከፍተን አየነው፣ ምን እንደሆነ የገባን ጥቂቱ ነው፣ ቀሪውን በኪሎ ለቆራሌው ሸጥነው። ዛሬ በ12 ሚሊ ዘንግ ስሠቃይ ስንቱን ነገር እንደጣልን ይገባኛል። ስንት ብር እንዳገኘንበት እንኳ አላስታውስም።

ድሬ ውስጥ እንደ አባቴ ያሉ ጡረተኞች አሁንም አሉ። አልጋቸው ሥር፣ ጓዳቸው ውስጥ፣ በእጃቸው የሠሩት መለኪያና ማጠፊያ ያለ እንደሆነ አትሽጡት። ልጆቻቸውም እናት አባታችሁን "ይህ ለምን ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም ከብረቱ ጋር በወረቀት አያይዛችሁ አስቀምጡ። መያዝ የማትችሉ ከሆነ እኔ እወስዳለሁ፣ እያጸዳሁ አስቀምጣለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሚመጡት አምስት ልጆች ሁለቱ አሁን ማስቀየሪያ ለብቻቸው ይሠራሉ፤ አንድ የቶርኖ ባለሙያ አባት አጠገባቸው ቢቀመጥ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከከዚራ፣ ድሬዳዋ