ቅዳሜ የሌንስ ፍተሻ አለን

ሰላም ውድ አባላት፣

ቅዳሜ ጠዋት ደሴ ፒያሳ ተገናኝተን ወደ ጦሳ ተራራ ከፍ እንላለን። የምንፈትሸው ክሮማቲክ አበሬሽንን ነው፤ ማለትም ሌንሱ በነገሮች ጠርዝ ላይ የሚፈጥረውን የሌለ የቀለም መስመር። ሌንሶቻችሁን በሙሉ ይዛችሁ ኑ፤ በተለይ አሮጌዎቹን ባለ 50 ሚሊሜትሮች። ትራይፖድ አይቅር።

የምናነሳው ነጣ ባለ ሰማይ ላይ ጠቁሮ የሚታይ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ነው። ለዚህ ፍተሻ ደመናማ የደሴ ሰማይን የሚያህል የለም። ፎከሱን በእጅ አስተካክሉና መጀመሪያ አፐርቸሩን (የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ፣ ቀጥሎ እያጠበባችሁ በ2.8፣ በ4 እና በ5.6 አንሱ። ቅርንጫፉ አንዴ የፎቶው መሀል፣ አንዴ ጥግ ላይ ይሁን። ከዚያ 100 ፐርሰንት አጉልታችሁ የቅርንጫፉን ጠርዝ እዩ። ጥግ ላይ ብቻ፣ በአንድ ወገን ቀይ በሌላው ሰማያዊ መስመር ካለ አፐርቸር ማጥበብ ብዙም አይፈይድም፤ የፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም ላይትሩም ግን በቀላሉ ያጠፋዋል። መሀልም ላይ ከፎከሱ ፊት ሐምራዊ፣ ከኋላው አረንጓዴ ከታየ ነገሩ ሌላ ነው። እሱ አፐርቸሩ ሲጠብ ይቀንሳል፣ በኮምፒውተር ግን ያስቸግራል። በ1.8 ትንሽ ሐምራዊ አየሁ ብሎ ሌንስ ለመሸጥ መሯሯጥ ግን ለኔ ትርፉ ድካም ነው።

ሌንሳችሁ ፊት ላይ የተገጠመ ርካሽ ዩቪ ፊልተር (መከላከያ መስታወት) ካለ አውልቁት፤ የፊልተሩን ነጸብራቅ በሌንሱ እንዳናላክክ።

ፀሐይ ከወጣች አዲስ ቆርቆሮ ጣሪያዎችንም እንሞክራለን። ሐምራዊው የሚብሰው ብርሃኑ በተቃጠለበት፣ ማለትም በዝቶ ባዶ ነጭ በሆነበት ቦታ ነው። በሮው (RAW፣ ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፋይል) አንሱ፣ ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን ብርሃን) እስከ አንድ ስቶፕ፣ ማለትም እስከ ግማሽ ቀንሱ፣ ሂስቶግራሙ (የብርሃን መጠን የሚያሳየው ግራፍ) ቀኝ ጠርዝ ላይ እንዳይከመር ተጠንቀቁ። የጨለመው ቦታ በኋላ በኮምፒውተር ይፈካል፤ የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም።

ከኮምቦልቻ የምትመጡ ጃኬት ደርቡ፤ የጦሳ ብርድ እንደናንተ ከተማ አይደለም።