የ1981ዱ ዋንጫ የት ገባ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ስላለው የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ዘገባው የቡድኑ የመጀመሪያ ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1982 የተገኘው እንደሆነና የዋንጫዎቹ ብዛትም 22 እንደሆነ ይናገራል። ሁለቱም ስህተት ነው። የመጀመሪያው ዋንጫ የተገኘው በ1981 ነው፤ ድምሩም 23 ነው።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። 22ቱ፣ እስከ 2024ቱ ድረስ፣ ኤንሲኤኤ በሚባለው የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት የበላይ ድርጅት ውድድር የተገኙት ብቻ ናቸው። የ1981ዱን ሻምፒዮና ያዘጋጀው ኤአይኤደብሊው በሚል ምህጻር የሚታወቀው የሴቶች የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ነበር። ይህ ማኅበር በ1971 ተቋቁሞ፣ ኤንሲኤኤ ለሴቶች አንድም ሻምፒዮና ባላዘጋጀበት ዘመን፣ በሴቶች መሪነት የኮሌጅ ሴቶችን ያወዳድር ነበር። ኤንሲኤኤ ዘግይቶ ገብቶ የራሱን ሻምፒዮናዎች ሲከፍትና የተሳታፊ ቡድኖችን ወጪ ሲሸፍን ኮሌጆቹ ወደዚያው ሄዱ፤ ማኅበሩም ፍርድ ቤት ድረስ ቢሟገት ተረትቶ ፈረሰ።

ታዲያ አዘጋጁ ስለፈረሰ ጨዋታው አልተደረገም ልትሉን ነው? በ1981ዱ ፍጻሜ ሰሜን ካሮላይና በራሱ ከተማ በቻፕል ሂል ሴንትራል ፍሎሪዳን 1 ለ 0 አሸነፈ። በዓመቱ ደግሞ በኤንሲኤኤ የመጀመሪያ ፍጻሜ ያንኑ ሴንትራል ፍሎሪዳን ኦርላንዶ ላይ 2 ለ 0 ረታ። አሸናፊው ያው፣ ተሸናፊው ያው፣ ቡድኑን በ1979 ከምሥረታው ጀምሮ የያዘው አሰልጣኝ አንሰን ዶራንስም ያው ነው። አንደኛውን ድል ታሪክ፣ ሌላውን ባዶ ወረቀት ያደረገው ምኑ ነው?

ይህን ያህል የምቆጨው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔም በዚያው ዘመን በሌላ ዩኒቨርሲቲ ተጫውቻለሁ። ማልያችንን ራሳችን እያጠብን፣ ለጉዞ የቤንዚን ገንዘብ ከኪሳችን እያዋጣን ነበር የምንጫወተው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የቡድናችንን የውጤት መዝገብ ብጠይቅ ከ1982 በፊት የተያዘ ነገር የለም ተባልኩ። ግብ ያገባሁባቸው ዓመታት እንዳልኖርኩባቸው ተቆጠሩ። ያንን መልስ በእናንተ ገጽ ላይ በድጋሚ ሳነብ የተሰማኝን እናንተው ገምቱት።

ዘገባችሁ ለሚያ ሃም ሰፊ ቦታ መስጠቱ ተገቢ ነው፤ አራት ዋንጫ ያነሣች ተጫዋች ናት። ነገር ግን እሷ በ1989 ስትመጣ ቡድኑ አሥር ዓመቱ ነበር። በ1991 ዶራንስ ራሱ እያሠለጠነ የመጀመሪያውን የሴቶች የዓለም ዋንጫ ካነሣው የአሜሪካ ቡድን 18 ተጫዋቾች ግማሾቹ ከዚህ ዩኒቨርሲቲ የወጡ ነበሩ። ያ ሁሉ የበቀለው ዘገባችሁ ስማቸውን እንኳ ያላነሣቸው ተጫዋቾች በከፈቱት ሜዳ ላይ ነው።

እርማቱን ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ፣ ዋንጫውን ከነዓመቱና ከነአዘጋጁ ስም ጠቅሳችሁ እንድታወጡት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች