ወንድምዓለም፣ ስለ ሲንተሳይዘሩ

ወንድምዓለም እንዴት ነህ፣ እናታችንስ ደህና ናቸው? ስንት ጊዜ ጠፋፋን በእግዚአብሔር። መልዕክትህን ሳይ እንዴት ደስ እንዳለኝ፣ በተለይ ከማሲንቆ ጋር የሚሄድ ሲንተሳይዘር (ያ በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥረው የሙዚቃ መሳሪያ) ራሴ ልሰራ ነው ምን ላንብብ ስትለኝ ሌሊቱን ሙሉ ሳስብበት አደርኩ።

ሁሉም ሰው የሚነግርህ የሆሮዊትዝና የሂልን ዘ አርት ኦፍ ኤሌክትሮኒክስ ነው፣ የ2015ቱ 3ኛ እትም ከ1200 ገጽ በላይ ነው። መጽሐፉ መጽሐፍ ነው ግን በሱ አትጀምር በናትህ፣ መጀመሪያ በእጅህ የሰራኸው ነገር ሲጮህ ስማ።

ከፎረስት ሚምስ ጀምር፣ ጌቲንግ ስታርትድ ኢን ኤሌክትሮኒክስ የሚለው፣ 1983 የወጣ። ጽሑፉም ስዕሉም በእጅ የተሰራ ስለሆነ የጎበዝ ተማሪ ደብተር ተውሰህ የምታነብ ነው የሚመስልህ። ጎን ለጎን የኒኮላስ ኮሊንስን ሃንድሜድ ኤሌክትሮኒክ ሚውዚክ ያዝ። 40106 የምትባል ቺፕ አለች፣ አንድ ሬዚስተር (ከረንት የሚገታ) እና አንድ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚይዝ) ሲገባላት ኦሲሌተር፣ ማለትም የማያቋርጥ ድምፅ የምታወጣ ሰርኪት፣ ትሆናለች፣ ከአንዷ ቺፕ 6 ኦሲሌተር ይወጣል፣ ያውም በ9 ቮልት ባትሪ። የግድግዳውን 220 ቮልት ግን ለጊዜው አትጠጋው፣ ኮሊንስም ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር አትፍቱ ነው የሚለው።

ከዛ ሬይ ዊልሰን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሜክ አናሎግ ሲንተሳይዘርስ፣ 2013። እሱ ላይ ኖይዝ ቶስተር የምትባል ትንሽዬ ሲንተሳይዘር ከነሰርኪቷ አለች፣ እሷን ብየዳ ለመልመድ ስራት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በቮልቴጅ የሚታዘዝ ኦሲሌተር ስትሰራ አብዛኛው ሰው የሚከተለው 1 ቮልት ለአንድ ኦክታቭ የሚለውን ነው፣ አንድ ኦክታቭ ውስጥ 12 ግማሽ ድምፅ ስላለ አንዱ ግማሽ ድምፅ ማለት 83 ሚሊቮልት ገደማ ነው፣ ትንሽ ከተዛነፈ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል። ቮልቴጁን ኦሲሌተሩን ወደሚነዳው ከረንት የሚቀይርልህ ትራንዚስተር ደግሞ ከቤዝ ወደ ኤሚተር (ሁለቱ እግሮቹ ናቸው) 18 ሚሊቮልት ገደማ ሲጨመርበት ከረንቱ እጥፍ ይሆናል፣ ችግሩ ይሄ ቁጥር ከሙቀት ጋር ይቀየራል፣ ለዛ ነው ጠዋት የተቃኘው ከሰዓት የሚስተው። ትልቁን መጽሐፍ ያኔ አውጣው፣ ምዕራፍ 2፣ ትራንዚስተሩ ላይ፣ ቁጭ ብለህ ቀስ እያልክ አንብበው፣ ድምፁን ሰምተኸው ስለምታነበው እያንዳንዱ መስመር ይገባሃል።

ለአንተ ግን በጣም የጓጓሁልህ ሌላ ነገር ነው። ኪቦርድ 12ቱን ድምፅ ደርድሮ ነው የሚሰጥህ፣ አንቺሆዬ ቅኝት ላይ እንዴት እንደሚያስቸግር ከኔ በላይ ታውቃለህ። ራስህ በሰራኸው ሲክዌንሰር (ድምፆችን በተራ የሚያጫውት ሰርኪት) ግን 5 ፖቴንሾሜትር፣ ማለትም እንደ ሬድዮ ድምፅ መጨመሪያ የሚዞር ቁልፍ፣ ደርድረህ የቅኝቱን 5 ድምፅ በጆሮህ፣ ማሲንቆው ባለበት ቦታ ታስቀምጣቸዋለህ፣ ማንም 12 ላይ አያስገድድህም። ይሄን ሳስበው በጣም ነው ደስ የሚለኝ።

ዲጂታል ካማረህ የሃል ቻምበርሊን ሚውዚካል አፕሊኬሽንስ ኦፍ ማይክሮፕሮሰሰርስ አለ፣ 2ኛው እትም 1985 ነው፣ አሮጌ ነው ብለህ አትናቀው፣ እሱ ግን ይቆይህ።

እዛ ቲቪ የሚጠግኑ ልጆች ጋር ከተጣለ ቦርድ ሬዚስተርና ትራንዚስተር መንቀል የምትችል ይመስለኛል፣ ጠይቃቸውና የማይገኘውን ጻፍልኝ። ቺፖቹ ቀላል ናቸው ከመጽሐፎቹ ጋር በሰው እልካቸዋለሁ፣ ትልቁ መጽሐፍ ብቻ ኪሎ ስለሚበላ ሻንጣ የሚተርፈው ሰው ይፈለጋል። ከናንተ ሰፈር ወደ ቨርጂኒያ መጥቶ የሚመለስ ካለ ቶሎ ንገረኝ።